እግሯን ሸፍኑላት

ይቤዬ፣

እንደምን ሰነበትክ አልልህም፤ የሄድክበት አገር ሰው በደኅና ይሰንብት አይሰንብት አላውቅም። ከተለየኸኝ ክረምቱ ገብቶ ወጣ፣ አደይ አበባው ፈክቶ ሊጠወልግ ነው፣ ሙት ዓመትህም ደጃፍ ላይ ደርሷል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን አልጻፍኩልህም። መጻፍ ያንተ ሥራ ነበር፤ የእኔ ሥራ መርፌና ክር ነው። ዛሬ ግን ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም፣ ኔትወርክም የለም፣ ዝናቡ አልወጣም ብሎ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ በዚህ ዝናብ ልብስ ሊያሰፋ የሚመጣ ሰው የለም። ከግድግዳው ጋር ከማወራ ካንተ ጋር ላውራ ብዬ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። የቀርከሃው አጥር በሐምሌ ነፋስ ወደቀ። አንተ ብትኖር «እሁድ እሠራዋለሁ» እያልክ እስከ ጥምቀት ታቆየው ነበር፤ ጎረቤታችን ጋሽ አበረ ግን በአንድ ከሰዓት አቆሙልኝ። ኮብልስቶኑ በራችን ድረስ መጣ፤ ጭቃው ቀረ፣ ባጃጅም እስከ ደጃፍ ይገባል፤ ከባጃጁ የሚወርድ ሰው ነው የጠፋው። ድንች ስቀቅል ዛሬም የምቀቅለው ለሁለት ሰው ነው፤ እጄ ልማዱን አልተወም። የተረፈውን ለጋሽ አበረ ዶሮዎች እሰጣለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ካንተ ይልቅ እነሱ ሳይነጫነጩ ይበላሉ። አልጋው ሰፍቶብኛል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለማን እናገራለሁ? የእንጅባራ ብርድ ለሁለት ሲካፈሉት ይቻላል፤ ለአንድ ሰው ግን ይበዛል።

ያንን በበጋ እንኳን እንደ ዘንገና ሐይቅ ውሃ የሚቀዘቅዝ እግርህን አምጥተህ ጀርባዬ ላይ ስትለጥፈው የምጮኸው ጩኸት ናፈቀኝ ብልህ ታምነኛለህ? ከጥሊሊ ገበያ ያመጣሁልህን ግራጫ የሱፍ ካልሲ አድርገህም ይበርድህ ነበር። እናትህ «ከሕፃንነቱ ጀምሮ ነው» ይሉ ነበር። እኔ ግን ጥፋቱን በሱሪዎችህ ላይ ነበር የማላክከው።

ዳንግላ እናቴ ቤት በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋ በነበረበት ጊዜ፣ በየቅዳሜው በሚኒባስ እየመጣህ ሱሪ አሳጥሪልኝ ትለኝ ነበር። ሱሪው ልክህ ነው። ልክህ መሆኑን አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። ደንበኛ ንጉሥ ነው ብዬ አሳጠርኩልህ። በሳምንቱ ሌላ ሱሪ ይዘህ መጣህ፣ በሳምንቱ ደግሞ ሌላ። ክረምቱ ሲገባ ቁርጭምጭሚትህን የሚሸፍን አንድ ሱሪ አልቀረህም። ተማሪዎችህ «መምህር ወንዝ ሊሻገሩ ነው» እያሉ ይስቁብህ እንደነበር የነገርከኝ ከተጋባን በኋላ ነው። ያኔ ታዲያ ወሬህ ሁሉ ስለ ራስህ ነበር፤ እንቅልፍህ እንደጠፋ፣ እህል አልወርድ እንዳለህ፣ ልብህ እንዴት እንደሚመታ። እኔ ግራኝ መሆኔንና የእናቴ መቀስ አውራ ጣቴን እያቆሰለኝ እንደምሠራ ሳታይ ስንት ቅዳሜ አለፈ። አንድ ቀን ግን ስለ ልብህ ምንም ሳትል ከባሕር ዳር የግራኝ መቀስ አምጥተህ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥክ። ልቤ ላንተ የተሸነፈው የዚያን ዕለት ነው።

ያንን የቆየ ተውኔት አጥብቀህ የወደድከው ለዚህ ይመስለኛል። ከመምህር ወደ መምህር ሲወርድ ሲዋረድ አንተ ጋ የደረሰ፣ ጫፍ ጫፉ የነተበ ተውኔት። በየዓመቱ የድራማ ክበብ ልጆችህን ግቢያችን ውስጥ ሰብስበህ ታለማምድ ነበር፤ እኔም በረንዳው ላይ የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ ስሰማው ኖርኩ። ግን አንድም ዓመት መድረክ ላይ አልወጣልህም። አንድ ዓመት ልጅቷን የምትሠራው ተማሪ ተዳረች፣ አንድ ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ገባ፣ አንድ ዓመት ደግሞ አፍቃሪው ራሱ ከነቤተሰቡ ወደ ጫግኒ ሄደ። አንተም «ለሚመጣው ዓመት» ትል ነበር።

ስለዚያ ጎረምሳ ስታስተምራቸው ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለህ። ሰው ሁሉ አፍቃሪ ይለዋል፤ አንተ ግን ሲጀምር አፍቃሪ አይደለም ባይ ነበርክ። በመጀመሪያው ገቢር ዛፍ ሥር ተጋድሞ ያቃስታል፣ ምሳውን ይመልሳል፣ እናቱን ያስለቅሳል። ልጅቷ ምን ትወዳለች፣ ምን ትፈራለች ቢባል ግን መልስ የለውም። ፍቅርን እንጂ እሷን አላፈቀረም ትላቸው ነበር። በሁለተኛው ገቢር ወንዝ ዳር ታገኘውና ትስቅበታለች። መሳቋ በጀው፤ ከዚያ ወዲህ መጠየቅና መስማት ይጀምራል። በሦስተኛው አባቷ ለሌላ ሊድሯት ሲሉ የድሮው ጎረምሳ ተመልሶ ይነሣበታል፤ በክረምት፣ ወንዙ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ «ዛሬ ካልመጣሽ እሞታለሁ» ብሎ ይልክባታል። እሷም ትመጣለች፣ ወንዙም ይወስዳታል። «የራሱን ሞት ገመድ አድርጎ ጎተታት» ስትል ድምፅህ ዝቅ ይል ነበር።

በአራተኛው ገቢር አሸዋው ላይ ሞታ ያገኛታል። ተመልካቹ አሁን ደረቱን ይደቃል፣ አሁን ራሱን ይወጋል ብሎ ሲጠብቅ፣ እሱ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ነጠላዋን ያስተካክላል። ከዚያም ወንዝ ዳር ለቆሙት ሰዎች «እግሯን ሸፍኑላት፤ ይበርዳታል» ይላቸዋል። ሌላ ቃል የለውም። አንሥቶ ይሸከማትና ፍርዱን ሊቀበል ወደ አባቷ ደጅ ይሄዳል።

ሁልጊዜ የምንጣላው እዚህ ላይ ነበር። መኪናዬን አቁሜ፣ ምን ዓይነት አፍቃሪ ነው፣ የጎጃም ሰው ሬሳ አጠገብ ተቀምጦ ስለ እግር ያወራል እንዴ፣ ብዬ እጮህብህ ነበር። እኛ አገር ሙሾ ይወርዳል፣ ፊት ይነጫል። የማያለቅስ ሰው ወይ አልወደደም ወይ ገድሏል። አንተም በዚያ በትዕግሥትህ «ስለ ራሱ የሚያወራው አለቀበት፤ የቀረችው እሷ ብቻ ናት» ትለኝ ነበር። አልተዋጠልኝም። ተማሪዎችህም ለእኔ እያደሉ ይስቁ ነበር።

ከዚያ ጥቅምት መጣ። ጉንፋን ነው ያልከው ሳል ሳንባህ ላይ ወረደ። በመጨረሻው ጠዋት፣ ትንፋሽህ እየተቆራረጠ፣ ዓይንህን ገልጠህ «ከሰል ገዛሽ ወይ? ብርዱ ሊብስ ነው» አልከኝ። እገዛለሁ፣ ምን አስቸኮለህ፣ አልኩህ። ሌላ አልተነጋገርንም።

ለቅሶህን ልንገርህ፤ አንተ አላየኸውም። እናትህ ከነገጠሩ ሰው መጡ፤ ፈረሰኞቹ ፈረሶቻቸውን አልብሰው ከፊት ቀደሙ። እናትህ በአዊኛ ሙሾ ያወርዳሉ፣ ሴቶቹ እየተቀበሉ ደረታቸውን ይደቃሉ። የዳንግላ ልጅ ነኝና ከቋንቋችሁ ሰላምታና የድንች ስም ብቻ ነው የማውቀው፤ ምን እንደሚሉ አልገባኝም። ሁሉም ለራሴ ባል በማላውቀው ቃል ሲያለቅስለት እኔ እንደ እንግዳ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። እንባ አልመጣልኝም፤ ያኔም፣ ብቻዬን ስሆንም አልመጣም። ገናዦቹ ሊገንዙህ ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን ተነሥቼ ያንን ግራጫ ካልሲ ከሳጥን አወጣሁና በር ላይ ሰጠኋቸው። ይህን አድርጉለት፣ እግሩ ይበርደዋል፣ አልኳቸው። እርስ በርሳቸው ተያዩ። ለሟች የሚለመነው ነፍስ ይማር ነው እንጂ ካልሲ አይደለም።

ወሬው ወዲያው ዞረ። አንዷ «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» አለች፣ እኔ እየሰማሁ። እናትህም በአዊኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ አጠገቤ የነበረች ሴት ሳልጠይቃት «ልጄ ያገባው ድንጋይ ነው» እንዳሉ ተርጉማ ነገረችኝ። ከአርባህ በኋላ እግራቸው ከቤታችን ቀረ። ገበያ ሲመጡ በበራችን አልፈው ይሄዳሉ፣ ቀና ብለው አያዩም። ሙት ዓመቱን እሳቸው በገጠሩ ቤተ ክርስቲያን እንደሚያወጡትና የእኔ መምጣት እንደማያስፈልግ በሰው ላኩብኝ። ይቤ፣ ልጅ አልወለድን፤ ካንተ ወዲያ ያንተን ፊት የማይበት የእናትህ ፊት ብቻ ነበር። አፍንጫችሁ፣ ስትቆጡ የምትሸበሸበው ግንባራችሁ አንድ ነው። እሱንም ከለከሉኝ። ያኔ ነው የእውነት ብቻዬን የቀረሁት።

ከፋሲካ በኋላ ተማሪዎችህ መጡ። ደሳለኝን ታውቀዋለህ፣ ከአዘና መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማረውን፤ አፍቃሪው እሱ ነው። ልጅቷን ብርቱካን ትሠራለች። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የመምህራችንን ተውኔት እናሳያለን፣ ግቢዎን ይፍቀዱልን፣ ልብሱንም ይስፉልን አሉኝ። እምቢ ማለት አቃተኝ። በሬን የሚያንኳኳ ሰው ናፍቄ ነበር።

ክበቡን የተረከበው ወጣት መምህር ደግ ልጅ ነው፤ ግን እንደ እኔ ነው የሚያስበው። በአራተኛው ገቢር ደሳለኝ ደረቱን እየደቃ ሙሾ እንዲያወርድ አዘዘው፤ አለበለዚያ ሕዝቡ አልወደዳትም ይላል አለው። ልጁም እንደታዘዘው አደረገ። መጀመሪያ የጮኸ ዕለት ጋሽ አበረ ነጠላቸውን አጣፍተው «ማን ሞተ?» እያሉ እየሮጡ መጡ፤ እንዴት እንደሳቅን! ስንት ጊዜ ስጨቀጭቅህ የነበረው ነገር ይኸው ሆነልኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን እዚያ ቦታ በደረሱ ቁጥር መቀሴን አስቀምጬ ወደ ቤት እገባለሁ፣ በሩንም እዘጋለሁ። ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ ቢጠይቁኝም አላውቀውም።

ቀኑ ደረሰ። የሰኔ ቅዳሜ ነበር፣ ገበያ የቆመበት። ልጆቹ ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅለው በከተማው ዞሩ፤ «የመምህር ይበልጣል መታሰቢያ! ከሰዓት በትምህርት ቤቱ ሜዳ! ሁላችሁም ኑ!» እያሉ። እናትህ ገበያ ላይ ነበሩ። ስምህን ሰሙ። የሟች ስም ተጠርቶ ሁላችሁም ኑ ሲባል ለገጠር ሰው ለቅሶ ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል? ለልጃቸው ለቅሶ ተጠርቶ ለእሳቸው ያልተነገራቸው መሰላቸው። የገዙትን ጨው ለሰው አስይዘው፣ የቀዬአቸውን ሴቶች ከየመደቡ አስነሥተው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እያለቀሱ ወደ ሜዳው ገቡ።

እኔ ከመጋረጃው ጀርባ የብርቱካንን ቀሚስ እያጠበብኩ ነበር። ድምፃቸውን ሳውቀው መርፌው ጣቴን ወጋኝ። ተማሪው ሁሉ ተሸበረ። ወጣቱ መምህር ሮጦ ወጣና እጅ ነሥቶ፣ የሚለው ቢቸግረው፣ ከሹማምንቱ ፊት አግዳሚ ላይ አስቀመጣቸው። እነሱም ለቀስተኛ ናቸውና ተቀመጡ። መጋረጃው ተከፈተ።

ደሳለኝ ዛፍ ሥር ተጋድሞ ሲያቃስት ሜዳው በሳቅ ተናጋ። የእናትህ ሴቶች ግን የሞተው የቱ ነው በሚል ዓይን መድረኩን ይመለከታሉ። በሁለተኛው ገቢር ብርቱካን ስትስቅበት አንዷ ፈገግ ስትል አየኋት። በሦስተኛው፣ ልጅቷ ወንዙ ውስጥ እግሯን ስታስገባ፣ ሁሉም በአንድ ላይ «ኧረ ተይ!» ብለው ጮኹ። በአራተኛው ብርቱካን መድረኩ ላይ ስትጋደም ከአግዳሚው ተነሡ፤ የመጡበት ለቅሶ ደረሰላቸው። እኔ እንደ ልማዴ መውጫ ፈለግሁ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ግን የሚዘጋ በር የለም።

ደሳለኝ መጣ። ደረቱን አልደቃም። መምህሩ በአንድ ጎን ሆኖ በእጁ ይጠቁመዋል፤ ልጁ አያየውም። ቁጭ አለ። ነጠላዋን አስተካከለ፣ ከጉንጯ ላይ ፀጉሯን ገለል አደረገ። ከዚያ በተራ ድምፅ፣ ቤት ውስጥ እንደሚነገር ነገር፣ «እግሯን ሸፍኑላት፤ ይበርዳታል» አለ።

ይቤ፣ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያ ቃል ከእኔ አፍ ወጥቶ ነበር።

ጨርቅ ይዞ ሊገባ የተመደበው ተማሪ ገና ከቦታው ሳይነቃነቅ እናትህ መድረኩ ላይ ወጡ። የራሳቸውን ነጠላ ከትከሻቸው አወረዱና የብርቱካንን እግር ሸፈኑ፤ ብርድ እንዳይገባት ከተረከዟ ሥር ወሽቀው። ከኋላ የሳቀ ነበር። እናትህ ቀና ብለው ደሳለኝን አዩት፣ ከዚያ ዞር ዞር ብለው መፈለግ ጀመሩ። በመጋረጃው ቀዳዳ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። መጋረጃውን ገልጠው ገቡ፣ እጄን ከነመርፌው ያዙኝና በአማርኛ፣ በዚያ ቀስ ብለው በሚናገሩት አማርኛቸው፣ «ለካ አንቺም እግሩን ነበር ያልሽው» አሉኝ።

አለቀስኩ። ከጥቅምት ጀምሮ የት ተደብቆ እንደነበር የማላውቀው እንባ ሁሉ መጣ። እናትህ ራሴን ደረታቸው ላይ አድርገው ያዙኝ፣ ከውጭም ሴቶቹ ሙሾውን አነሡት። ደሳለኝ ልጅቷን ተሸክሞ ወደ አባቷ ደጅ ሲሄድ የተጨበጨበለትን በጆሮዬ ሰማሁ እንጂ በዓይኔ አላየሁም። ስንት ዓመት ሲለማመዱት የሰማሁት ተውኔትህ መድረክ ላይ እንዴት እንደሚያልቅ እስከ ዛሬ አላየሁትም።

ሳይመሽ ደሳለኝ የእናትህን ነጠላ ሊመልስ መጣ። የታዘዘውን ለምን እንደተወ ጠየቅሁት። «በቀብሩ ዕለት ገናዦቹን ሲያናግሩ በር ላይ ነበርኩ፤ ዛሬ ብርቱካን አጠገብ ስቀመጥ ትዝ አሉኝ» አለኝና አንገቱን ደፋ። አንተ ስታስተምረው ያልገባውን ከእኔ ሹክሹክታ ተማረው።

እናትህ አሁን ገበያ በመጡ ቁጥር በረንዳው ላይ ከመኪናዬ አጠገብ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ደፍሬ፣ ያን ቀን ምን ብለው ነበር ያለቀሱለት፣ ብዬ ጠየቅኋቸው። ሙሾውን ቃል በቃል ወደ አማርኛ አወጡልኝ፦ «ክረምት የወለድኩህ፣ እግርህ አልሞቅ ቢለኝ ብብቴ ውስጥ ያሳደርኩህ፣ ዛሬ ከማን ብብት ላሳድርህ» ነበር የሚለው። ያን ቀን እሳቸው በመንደሩ ፊት ሲጮኹ፣ እኔ በር ላይ በሹክሹክታ ስናገር፣ የምናወራው ስለ አንድ እግር ነበር። ሥራዬን አቁሜ ደግመው እንዲሉልኝ ለመንኳቸው። አሁን በቃሌ ይዤዋለሁ፣ በአዊኛው። የአዊኛው «ላሳድርህ» ላይ ስደርስ ምላሴ ይሰናከላል፤ እሳቸውም ይስቁብኛል፤ ግንባራቸው ሲሸበሸብ አንተን ይመስላሉ።

ሙት ዓመትህን አብረን ነው የምናወጣው፣ በገጠሩ ቤተ ክርስቲያን። ጠላውን እሳቸው ጠምቀዋል፤ እንጀራው የእኔ ነው። ብቸኝነቱ አልለቀቀኝም፣ አልዋሽህም። እናትህ ከተሸኙ በኋላ ቤቱ እንደ ዱሮው ይሆናል፤ ድንቹም ይተርፋል። ብቻ አሁን ከማን ጋር እንደማለቅስልህ አውቃለሁ። ልጆቹ ተውኔቱን በየዓመቱ እናሳያለን ብለዋል፤ ልብሱን እኔ እሰፋለሁ፣ አንድ ዓመት ደግሞ ፊት ለፊት ተቀምጬ እስከ መጨረሻው አይልሃለሁ። ዓይኔ እስኪፈዝ፣ መርፌ ክር አልቀበል እስኪለኝ ድረስ አልረሳህም።

ብርዱ ጀምሯል። ከሰል ገዝቻለሁ።

ያንተው የሺ